ድምፁ የጠፋው ኩሬ

አንድ ጊዜ፣ ባሕር ትንሽ ሸሸት ብሎ ጥቁር ድንጋይ ብቻ በተወበት በረሃ ዳር አንድ ኩሬ ነበር። በውስጡ ድንጋይ የሚመስሉ፣ ግን ሕይወት ያላቸው ባለቀለም ኮራሎችና ትንንሽ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከኩሬው ሥር ቆሎ ሲቆላ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ይወጣል። ማን እንደሚያሰማው ያየ የለም። አያ አንበሶ ግን ያን ድምፅ ካልሰማ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

የኩሬው ጠባቂ እመት አህዩት ነበረች። ከሩቅ ምንጭ በቅል ውሃ ተሸክማ ትመጣና ድንጋዩ ላይ እስካለው ነጭ መስመር ድረስ ቀስ እያለች ትሞላለች። ኮራሎቹ አጥንታቸውን እንዲሠሩበት የተፈጨ ዛጎል ቆንጠር አድርጋ ትነሰንሳለች። ከዚያ ውሃውን ትቀምሳለች።

ታዲያ አህዩት እግሯን እሾህ ወጋትና አነከሰች። ይህን የሰማ ጅብ አንበሳው ዘንድ ሄዶ «ጌታዬ፣ ካደኑት አንድ አንድ ጎድን ከጣሉልኝ እኔ እጠብቃለሁ» አለ።

«ጠብቅ» አለ አንበሳ። «ድምፁ ከጠፋ ግን ወዮልህ።»

አህዩትም ጅብን መከረችው። «አያ ጅቦ፣ ፀሐይ የምትጠጣው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨዉን ትታው ትሄዳለች። ስለዚህ የምትጨምረው የምንጭ ውሃ ብቻ ይሁን። ከተሳሳትክም በአንዴ ላቃናው አትበል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኔ ፊት የቀረበ እንቁላል ሄዶ አያውቅም» አለ ጅብ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጅብ ቅሉን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ሲያዘግም፣ ቀበሮ ከድንጋይ ጥላ ሥር ጠራው። ቀበሮ ዓይኑን ከዓሦቹ ላይ ከጣለ ቆይቷል።

«አያ ጅቦ፣ ባሕሩ እዚሁ አጠገብህ እያለ ምንጭ ድረስ ምን አንከራተተህ? እነዚህ የባሕር ልጆች አይደሉም እንዴ? የእናቱ ወተት ያሳመመው ልጅ አይተህ ታውቃለህ?»

«እውነትህን ነው» አለ ጅብ። «አህያ ደግሞ ምን ታውቅና።»

የባሕሩን ውሃ ቀድቶ ሞላው። በዚያን ቀን ምንም አልሆነም፤ ክፋቱም እሱ ነው። በየቀኑ ውሃው ነጩ መስመር ላይ ይደርሳል፣ በየቀኑም ጨዉ ይበልጥ ይጨምራል። ጅብ ሲቀምሰው የቋንጣ ጣዕም ስላገኘበት ደስ አለው። ኮራሎቹ ተኮማተሩ። ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እያመሰገኑኝ ነው» አለ ጅብ።

አንድ ቀን ጀንበር አዘቀዘቀች፤ ኩሬው ግን ዝም አለ። ነፋሱም ቆመ። ጅብ አጎንብሶ ቢያይ፣ ዓሦቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ቆመዋል። ከመካከላቸው ትንሿ እንዲህ አለችው፦

«አያ ጅቦ፣ ጠማን።»

«ውሃ ውስጥ ሆናችሁ?»

«ውሃ ውስጥ ሆነን።»

የጅብ ፀጉር ቆመ። ዘወር ሲል ቀበሮ ከኋላው ቁጭ ብሏል። «ምን ይሻለኛል?» አለው ጅብ።

«ያበላሸኸውን አንበሳ ሳይመጣ በአንድ ጊዜ መልሰው» አለ ቀበሮ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ጅብ በፍርሃት ተጣደፈ። ጨዋማውን ውሃ ጨልፎ ደፋ፤ በምትኩ የምንጩን ውሃ እየተመላለሰ ገለበጠበት። አህዩት ለወራት የፈጨችውን ዛጎልም በሙሉ ዘረገፈው። ውሃው እንደ እርጎ ነጣ። ሲጠራ ኮራሎቹ አጥንት ብቻ ሆነው ታዩ። ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፈፉ፣ ቀበሮም አንድ ባንድ ለቃቅሟቸው ሄደ።

አህዩት እያነከሰች መጣች። አንበሳም እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ መጥቶ ቆመ።

«ድምፄ የት አለ?»

«ጌታዬ፣ የጎደለውን ሁሉ መልሻለሁ፤ አንዳች አልሰሰትኩም» አለ ጅብ።

አህዩት ውሃውን ቀመሰች። እንባዋ ወረደ። «ጨዉስ አሁን ልክ ነው» አለች። «ልክ መሆኑን የሚያውቅለት ግን አልቀረም።»

አንበሳ ጅብን አልነካውም። «ድምፁ እስኪመለስ እዚህ ተቀምጠህ አዳምጥ» ብሎት ብቻ ሄደ።

ጅብ ተቀምጦ አዳመጠ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከባዶው ውሃ ውስጥ «ጠማን» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማ። ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ድምፁም አብሮት ሮጠ። ዛሬም በመሸ ቁጥር ጅብ የሚጮኸው ያን ድምፅ ላለመስማት ነው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥቂት በጥቂት የተበላሸ ነገር የሚቃናውም ጥቂት በጥቂት እንጂ በድንጋጤ በአንድ ጀንበር አለመሆኑን ነው።