ጭነቱ የወረደበት አገር

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ ንጉሥ ሥር አብረው በሚኖሩበት አገር፣ ቡሊት የምትባል አህያ ነበረች። ሥራዋ ሸክም ነው። ከቆላ ጨው ትጭናለች፣ ደጋ ገበያ ታደርሳለች፣ የሰጧትን ተቀብላ ትመለሳለች። የሰጧትን ስላችሁ ደግሞ ብዙ እንዳይመስላችሁ! አንዱ እፍኝ ገብስ ያቀምሳታል፣ አንዱ ገለባ ይወረውርላታል፣ ሌላው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጀርባውን ያዞራል። እሷም ምስኪን «አሜን» ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የሸክም እንስሳት እሮሮ ሲበዛ፣ ንጉሡ አንበሳ አዋጅ አወጣ። ቁራው ትልቁ ሾላ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና አሰማ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ጭነት በቆላ ከሁለት ቁና ገብስ፣ በወይና ደጋ ከሦስት ቁና፣ በደጋ ከአራት ቁና በታች የከፈለ ወዮለት!»

በቅሎው ዘለለ፣ ግመሉ አንገቱን ወዘወዘ፣ አህዮቹ ሁሉ አናፉ። ቡሊት ብቻ አንዱን ጆሮዋን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጋ እንደቆመች ቀረች።

«ቁራዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እኔ ጠዋት ቆላ ነኝ። ረፋዱ ላይ ወይና ደጋ እደርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደጋ ነኝ። ታዲያ የሚከፈለኝ የትኛው ነው?»

«ጭነቱ የወረደበት አገር ዋጋ ነው የሚታሰበው።»

«እሺ፣ ግን ለምን ተለያየ? ጀርባዬ እንደሆነ ቆላም ደጋም ያው አንድ ነው።»

«ደጋ ብርዱ ይበረታል፣ ኑሮው ውድ ነው። ቆላ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው ተባለ። እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ ከዚህ በላይ ከጠየቅሽኝ እኔንም ግራ ይገባኛል» አለና ቁራው ብር ብሎ ሄደ።

ቡሊት ነገሩ አልገባትም። ሆኖም አራት ቁና የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ውርንጭላዋ ጡት ጥሏል። የበጋውን ሣር ሰደድ እሳት በልቶታል፣ አዲሱ ሣር እስኪበቅል ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ይቀራል። አምና በዚሁ ወቅት የመጀመሪያ ልጇ በረሃብ ሞቶባታል። አራት ቁና ገብስ ካገኘች ይኼኛው ወሩን ይሻገራል፤ ሁለት ቁና ግን ከግማሽ ወር አያልፍም። 

በማግስቱ አያ ጅቦ አስጠራት። አያ ጅቦ ጨው ይነግዳል፣ ጨውን ደጋ ገበያ ወስዶ በሥጋ ይለውጣል። ጎተራው በገብስ የተሞላ ነው። ገብስ የማይቀምስ ፍጡር ያንን ሁሉ ገብስ ከየት እንዳመጣው እኔን አትጠይቁኝ። አጠገቡ ጭራውን እያሽሞነሞነ አማካሪው ቀበሮ ተቀምጧል።

«ይህንን ጨው ደጋ አድርሺልኝ» አለ አያ ጅቦ። «አራት ቁና እከፍላለሁ። አዋጅ ነው፣ ምን ይደረግ!»

ጅብ ፊት መቆም ቀልድ አይደለም።  ግን ልጇን አሰበችና «እሺ ጌታዬ» አለች።

ገና ሳይነጋጋ ጉዞ ጀመሩ። ቀበሮ ከፊት፣ አያ ጅቦ ከኋላ፣ ቡሊት መሐል ሆና። ከኋላዋ የሚሰማት የጅብ ትንፋሽ ፈጥና እንድትራመድ አደረጋት፤ ጥሩ የጉማሬ አለንጋ እንኳ እንደዚያ አያስሮጥም። ቆላውን ከወይና ደጋው የሚለየው የወሰን ድንጋይ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቀበሮ ቆመ። ሰደድ እሳቱ ያለፈበት ቦታ ነው፤ መሬቱ በለስላሳ አመድ ተሸፍኗል።

«አያ ጅቦ፣ እመቤት ቡሊት ደክሟታል» አለ ቀበሮ ድምፁን አለስልሶ። «እስቲ ጭነቱን እናውርድላትና በዚህ አመድ ላይ ትንሽ ትንከባለል።»

ቡሊት ሌላ ቡሊት ትኖር እንደሆነ ዞር ብላ አየች። እሷን እመቤት ብሎ የጠራት፣ መንገድ ላይ «ደክሟታል» ብሎ ያዘነላት ማን ነበር? ግራ ገባት። አህያ ደግሞ አመድ አይታ እንዴት ታልፋለች! ጭነቱ ከጀርባዋ ሲወርድላት አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለች። ኧረ እንዴት ደስ ይላል!

ቀና ስትል ቀበሮ ከረጢቶቹን እያሳየ ሲያወራ ሰማችው።

«አየኸው አይደል አያ ጅቦ? ጭነቱ መሬት ነክቷል።»

«ነክቷል» አለ አያ ጅቦ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ግን አይመስልም። ከዚያ እያቃሰተ ከረጢቶቹን አንስቶ መልሶ ጫናት። ቡሊትም አመዷን አራግፋ ዳገቱን ተያያዘችው። ወይና ደጋውን አቋርጠው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደጋ ገበያ ገቡ። ጨዉ ወረደ። አያ ጅቦ ቁናውን አወጣና ገብስ ሰፈረላት። አንድ። ሁለት። ከዚያ ቁናውን ደፋው።

«ጌታዬ፣ ሁለት ይቀራል» አለች ቡሊት ቀስ ብላ።

«ምንም አይቀርም!» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አዋጁ ጭነቱ የወረደበት አገር ዋጋ ይከፈል አይደል የሚለው? ጭነቱ ቆላ ወርዷል። ራስሽ አመዱ ላይ ስትንከባለዪ ጀርባሽ ላይ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም።»

«በቃ! የቆላ ሁለት ቁና ነው።»

 የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ጭነቱ ወርዶ ነበር። ግን እውነት ሆኖ ሳለ ለቡሊት ልክ አልመስል አላት። ሁለቱን ቁና አየች፣ ልጇን አሰበች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ቀን የገበያ ቀን ስለነበር ንጉሡ ገበያው ዳር ችሎት ተቀምጧል። እንዴት እንደደፈረች እሷም አታውቅም፣ እግሯ ወደዚያ ወሰዳት።

ቀበሮ ተከትሏት መጣና ነገሩን አሳምሮ አስረዳ። አንበሳው አዳመጠ። በጥፍሮቹ ሁለት ቆጠረ፣ አራት ቆጠረ፣ ከዚያ ሁሉንም አጠፋና ወደ ቁራው ዞረ።

«አዋጁ እንደዚያ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው ንጉሥ ሆይ።»

«ለምን ነበር በየአገሩ የለያየነው?»

«ብርዱ ነው መሰለኝ።»

አንበሳው ጎፈሩን አከከ። «እንግዲህ ቃሉ ቃል ነው። ጭነቱ ቆላ ከወረደ...»

 ቡሊት ዝም ብትል ቢያንስ አትዋረድም። እዚህ ሁሉ ሹመኛ ፊት «አልገባኝም» ማለት ለአህያ ትልቅ ውርደት ነው፤ ድሮም ደደብ ነው የሚሏት። ግን የውርንጭላዋ የጎድን አጥንት ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልገባኝም» አለች። «ጭነቱ ቆላ ወርዶ ሥራዬ እዚያ ካለቀ፣ ይህ ደጋ ገበያ መሐል የተቆለለው ጨው ማን ያመጣው ነው?»

አንበሳው ወደ ጨዉ ክምር ዞረ።

«ከዚያ ወዲህ ያለውን በገዛ ፈቃዷ ነው የተሸከመችው!» አለ ቀበሮ።

«እሺ፣ ይሁን» አለች ቡሊት፤ እየተከራከረች አይደለም፣ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። «ግን አህያ ራሷን አትጭንም። ታዲያ ማን ጫነኝ?»

አያ ጅቦ እስካሁን ሥጋ ተራውን ሲያይ ነበር። «ማን ጫነኝ» የሚለውን ሲሰማ ግን ደረቱን ነፋ።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ነው? ይኼ ቀበሮ እንኳን ሁለት ከረጢት ጨው፣ ጭራውንስ መቼ በወጉ ይሸከማል! ብቻዬን፣ በዚህ ክንዴ አንስቼ ነው የጫንኩሽ!»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ ከአፉ ወጥቷል። አንበሳው እስኪያስለው ሳቀ።

«እንግዲያው ጭነቱ ሁለት ነው! አንዱ ቆላ ወረደ፣ ሁለት ቁና። አሠሪው በገዛ እጁ ሁለተኛውን ጫነ፣ እሱ ደጋ ወረደ፣ አራት ቁና። ስድስት ቁና ክፈል!»

«ስድስት?» አለ አያ ጅቦ። «ቀበሮ! ከአራቱ ሁለቱን አስቀርልሃለሁ ብለኸኝ አልነበር? ይኼ ነው ማስቀረት?»

ማንን ሊጠይቅ! ቀበሮ እንደሆነ ገና «ሁለት ጭነት» ሲባል ነው በገበያተኛው እግር ሥር ሾልኮ የጠፋው። አያ ጅቦ ሁለት ከስድስት ሲቀነስ፣ አራት ከስድስት ሲቀነስ፣ ራሱን እስኪያመው አሰላ። በመጨረሻ ወደ ቡሊት ጠጋ አለ።

«አንቺ፣ እስቲ አስረጂኝ። አራት እከፍልሻለሁ አልኩ። ወደ ሁለት አወረድኩት። እንዴት ሆኖ ስድስት ሆነ?»

ቡሊት ጆሮዋን አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አደረገች።

«እውነቴን ነው ጌታዬ፣ እኔም አልገባኝም» አለች። «የቀረውን አራት ቁና ግን ይስፈሩልኝ።»

ሰፈረላት። ቡሊት ስድስቱን ቁና ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ጭነት አድርጋ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ውርንጭላዋ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ከወር በኋላ አዲሱ ሣር በቅሎም ገብሱ አላለቀም ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሥራ ዋጋ ደንብ በየአገሩ ሲለያይ ብልጣብልጦች በልዩነቱ መሐል ገብተው የደካማውን ላብ ሊበሉ እንደሚሞክሩ፣ «አልገባኝም» ብሎ ሳያፍር የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ድካሙን በቀላሉ እንደማይቀማ ነው።