የኬላው ሹምና ሁለቱ ወንድማማቾች

አንድ የኬላ ሹም ነበረ። ሁለት አገሮችን በሚያገናኝ ድልድይ ላይ ተሹሞ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠር ነበር። ያለ ፓስፖርት ማንንም አሳልፎ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

ከወንዙ ወዲህ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይኖር ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ግን ማዶ ነበር። ኬላው ከመቆሙ በፊት ሁለቱ በአንድ ጀንበር ደርሶ መልስ ይጠያየቁ ነበር። በኋላ ታላቅየው ታመመ። በየቅዳሜው በልጆቹ ተደግፎ ከማዶ ዳር ይቆማል፤ ታናሹም ከዚህ ይቆማል። የውኃው ጩኸት አያነጋግራቸውምና እጅ ተነሣሥተው ይመለሳሉ።

ገበሬው ሹሙን ለመነ። ሹሙ ፓስፖርት ጠየቀው።

«ልጄ፣ ወንድሜ ያውና፤ ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው» አለ ገበሬው።

«እንግዲያው ይዩት፣ አባት። ማየትን የሚከለክል ደንብ የለም» አለው ሹሙ።

ገበሬው ፓስፖርት ሊያወጣ ወደ ከተማ ሄደ። ነገር ግን የጣቶቹን መስመር እርፍና ዶማ አጥፍተውት ስለ ነበር፣ መሣሪያው አሻራውን ሊያነብ አልቻለም። ጣቶቹ እስኪያገግሙ ሥራ እንዲተው ነገሩት። ክረምቱን በሙሉ እርፍ ሳይጨብጥ ከረመ። ጎረቤቶቹ በደቦ አረሱለት፤ እያረሱም እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ሆነሃል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እርሱ አንድም ቅዳሜ ከወንዙ ዳር አልቀረም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ማዶ የሚቆም አልነበረም።

ፓስፖርቱ በኅዳር ደረሰው። ሹሙ ማኅተም መታለት፤ ገበሬው ተሻገረ፤ ያገኘው መቃብር ነበር። በዚያው ቀን ተመልሶ፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ፣ ከለመደው ስፍራ ቆሞ ባዶውን ዳር ሲመለከት አመሸ።

ሹሙ ይህን አይቶ መቀመጥ አቃተው። የደንቡን መጽሐፍ አወጣ። የክልከላውን ምዕራፍ በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ገልጦት አያውቅም። በመጨረሻው ገጽ እንዲህ የሚል አገኘ፦ «የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሻገር የድንበር ነዋሪ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከመሰከሩለት፣ በኬላው ሹም ፊርማ ለሦስት ቀን ይለፍ።»

ልጄ፣ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሽ ወዲህ፣ ሕግን ሳልጥስ ለሰው ማዘን እችላለሁን ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያ ሹም ሕግ አክባሪ አልነበረም፤ የሕጉን እኩሌታ ብቻ ያከበረ ሰው ነበር። አታሳልፊ ብሎ ያዘዘሽ አገር፣ አሳልፊም ብሎ አዝዞሻል። ነገ ከመስኮትሽ ፊት የሚቆመውን ሰው ከመመለስሽ በፊት፣ የሚፈቅድለትን አንቀጽ ፈልጊለት። ፈልገሽ አጥተሽ ብትመልሽው ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።