ጉም ውስጥ የሚያስል መኪና

«አንድ ሾፌር ነበረ» አሉ አለቃ ወልደ ሰንበት፣ የወይዘሮ የሺመቤትን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ።

ጥያቄዋ ስለ ልጇ ነበር። ልጇ ጽጌ ደጋ ላይ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተድራ ትኖራለች። ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ስትወርድ ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ትውላለች። «ምን ጎደለሽ?» ስትባል «ምንም» ነው መልሷ። ከመሐል ሜዳ የሚመጡ ሰዎች ግን ልጅቷ ከሰው ተለይታ ስታለቅስ እናያታለን እያሉ ለእናቷ ይነግሯታል። ወይዘሮ የሺመቤት ግራ ገባት። «አለቃ፣ ማንን ልመን? በዓይኔ ያየሁትን ነው ወይስ ሰው የሚለኝን? ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ ምንም የለብኝም ትላለች። ሰዎቹ ትዳሯን ሊያፈርሱ ፈልገው ይሆን?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

አለቃም እንዲህ ብለው ነገሯት።

ሾፌሩ የዚሁ አገር ሰው ነው። ከዚህ ከቆላ ሽንኩርት ጭኖ በጣርማ በር አቀበት ወደ አዲስ አበባ ያወጣል። ጠንቃቃ ነበር፤ ጠጥቶ መሪ አይዝም፣ ጎማውን ዞሮ ሳያይ አይነሳም። መኪናው ቱርቦ ያለው ነው። እኔ የመኪና ነገር አላውቅም፤ እነሱ እንዳስረዱኝ ልንገርሽ። ቱርቦ ማለት ለሞተሩ አየር በኃይል የሚነፋለት ነው፤ የአንጥረኛ ወናፍ በይው። ታዲያ በኃይል የተነፋ አየር ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ለሞተሩ አይመቸውም። ስለዚህ ከፊት በኩል እንደ ራዲያተር ያለ ሌላ ነገር ተደርጎለታል፤ ኢንተርኩለር ይሉታል። ነፋስ ከውጭ ይመታዋል፣ አየሩም በውስጡ ሲያልፍ በርዶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ይህን ያህል ካወቅሽ ይበቃሻል።

ክረምት ሲገባ ይህ መኪና ክፉ አመል አወጣ። ከደብረ ሲና ተነስቶ አቀበቱን ሲጀምር ደህና ነው። ከፍ ብሎ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ የሚያዘግም መኪና ያጋጥመዋል፤ ሾፌሩም እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላልቶ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። መንገዱ ሲከፈትለት አጥብቆ ይረግጣል። ያን ጊዜ መኪናው ያስላል። ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱ ይከዳውና ጠምደው እንዳደከሙት በሬ ቀጥ ይላል። ከአፍታ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል።

አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ እያለ ሳሉ ያዘውና ሞተሩ ጭራሽ ጠፋ። ከኋላው ሰው የሞላ አውቶቡስ ነበር። መኪናው ከነጭነቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ለቀቀው፣ ተሳፋሪው ጮኸ። ፍሬኑ የያዘለት የመኪናው ኋላ የአውቶቡሱን መስታወት ሊነካ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከአውቶቡሱ ወርዳ ሾፌሩን አየችው። አልተሳደበችም፤ አየችው ብቻ። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልሆነለትም።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ አበልጁ ነው፤ የሾፌሩን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። እጁም የተመሰከረለት ነው። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በቀጥታ መኪናውን እሱ ዘንድ አስገባ። መካኒኩ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ቀየረ፤ ናፍታው ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ብሎ ታንከሩን አራግፎ አጠበ፤ ቱርቦውን ፈትቶ አየ። ሁሉም ንጹሕ ነው። በባዶው ከተማውን አዞረው፤ መኪናው እንደ ፈረስ ጋለበ። «አበልጄ፣ ምንም የለውም፤ በሰላም ሂድ» አለው።

ሄደ። ጉሙ ውስጥ ሲደርስ አሳለ። ተመለሰ፣ ተፈታ፣ ምንም አልተገኘም። እንደገና ሄደ፣ እንደገና አሳለ። በመጨረሻ መካኒኩ ተሰላቸ።

«እስቲ አስነሳው» አለው። አስነሳው።

«እርገጠው።» ረገጠው። ሞተሩ አጓራ።

«የታል ሳሉ?»

«እዚህ አያስልም። እዚያ ነው የሚያስለው።»

«ብረት እዚህና እዚያ አያውቅም፣ አበልጄ!» አለ መካኒኩ። «መኪናው ጤነኛ ነው። የታመምከው አንተ ነህ። ከዚያ ከአውቶቡሱ ነገር ወዲህ ፈርተሃል። መፍራት ነውር አይደለም፤ በመኪና ማሳበብ ግን ነውር ነው።»

ጋራዡ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። ሾፌሩ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሾፌሩ መናገር ተወ። «መኪናህ እንዴት ነው?» ሲሉት «ደህና ነው» ይላል። ማታ ለሚስቱም «ደህና ነው» ይላል። ሌላ ሰው እንዳይስቅበት ብቻ አይደለም፤ እሱም ራሱን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። እግሬ ይሆን የሚንቀጠቀጠው? ሳሉን እኔ ይሆን የምሰማው? እያለ ያስባል። የአበልጁን ደጅ መርገጥ ቀረ። መካኒኩ ለክርስትና ልጁ የልደት ቀን ስጦታ ቢልክ ሾፌሩ «አመስግኑልኝ» አለ እንጂ ሄዶ አላየውም። ሽንኩርት ጫኝ ነጋዴዎችም «ያ ሰውዬ ፈርቷል» እያሉ ወደ ሌላ መኪና መሄድ ጀመሩ።

ሚስቱ ግን አስተዋይ ነበረች። ባሏ ሳያውቅ ወደ ጋራዡ ሄደች።

«አንተ የባሌን መኪና አይተሃል» አለችው መካኒኩን። «እኔ የማየው እጁን ነው። ለመንገድ ሲነሳ የጫማውን ክር ማሰር ያቅተዋል። ሰው ለሌለ ነገር እንዲህ አይሆንም።»

«እኔስ ምን ላድርግ፣ እቴ? ብሎን በብሎን ፈታሁት እኮ! የለም!»

«የፈታኸው እዚህ ነው» አለችውና ሄደች።

መካኒኩ ተቆጣ። ተቆጥቶም ዋለ። በማግስቱ ማለዳ ግን ጋራዡን ቆልፎ፣ መፍቻዎቹን በከረጢት ይዞ ሽንኩርት ወደሚጫንበት ሄደና ጭነቱ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ።

«ወዴት ነው?» አለ ሾፌሩ።

«እዚያ ወደምትለው ቦታ።»

ደብረ ሲና ደርሰው አቀበቱን ጀመሩ። ጉሙ ወረደና መንገዱን ዋጠው። ከፊታቸው ነዳጅ የጫነ ቦቴ እያዘገመ ይሄዳል፤ ሾፌሩም እግሩን አላልቶ ተከተለው። መካኒኩ «ምን ትጠብቃለህ፣ እለፈው» ሊል ከአፉ ደርሶ መለሰው። ረጅም መንገድ እንዲህ ሄዱ። ቦቴው ዳር ሲይዝላቸው ሾፌሩ አንድ ጊዜ ወደ አበልጁ ዞሮ አየውና ረገጠ።

መኪናው አሳለ። ወንበሩ ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ፤ መካኒኩ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ያዘ። «በስመ አብ!» አለ።

«ይኸው» አለ ሾፌሩ።

ዳር ይዘው ቆሙ። ለጎማው ድንጋይ አስደገፉለት። መካኒኩ በዚያ ብርድ ከመኪናው ሥር ገብቶ ከኢንተርኩለሩ የሚወጣውን የታችኛውን ጎማ ቱቦ ፈታ። ውሃ ወረደበት። ጠብታ አይደለም፤ መዳፉን ሞልቶ በክርኑ በኩል እጅጌው ውስጥ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉም ራሱ ውሃ ነው። ያ እርጥብ አየር ተነፍቶ ሲግል ውሃውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ብርድ ሲመታው ደግሞ ያራግፈዋል፤ የድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያልበው። ሾፌሩ እግሩን አላልቶ ሲከተል ሞተሩ በቀስታ ነው የሚተነፍሰው፤ ውሃው ከሥር ተኝቶ ይጠራቀማል። አጥብቆ ሲረግጥ ያ ሁሉ ውሃ አንድ ጊዜ ተስቦ ይገባል፣ ሞተሩም ትን ይለዋል። ከዚያ መኪናው ደጋውን ጨርሶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ቆላ እስኪገባ ድረስ የቀረው ውሃ ሁሉ ይደርቃል።

መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እርጥብ እጁን እያየ ቆመ። «ይህ ውሃ እኔ ዘንድ ደርሶ አያውቅም» አለ። «እየደረቀ ነው የሚመጣልኝ።» ቀጥሎም «አበልጄ፣ ታመሃል ያልኩህን ቃል መልስልኝ» አለው።

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆመ። በጉሙ ምክንያት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ብዙ ቆየ። ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ና፣ ግባ፤ ይበርድሃል» አለው።

መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። ሲመለሱ መካኒኩ ብርዱ እንዳይበዛበት የኢንተርኩለሩን ግማሽ ፊት በላሜራ ከለለው፤ ውሃው ከሚተኛበት ከታችኛው ጥግ ደግሞ በቀጭን ትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ በሳለት። ውሃው ሳይጠራቀም እየተንጠባጠበ ይወጣል። እሱ ራሱ ደግሞ አብሮት ጉሙ ድረስ ወጣና «እርገጠው» አለው። ረገጠ። አላሳለም።

አለቃ ይህን ተናግረው ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞሩ።

«እንግዲህ የሺመቤት፣ ሾፌሩ አልዋሸም። መካኒኩም ያላየውን አየሁ አላለም፤ በዓይኑ ያየው ደረቅ ነበር። የተሳሳተው ‹እኔ ዘንድ ከሌለ የትም የለም› ማለቱ ላይ ነው። ልጅሽም አልዋሸችሽም። ያንቺ ቤት ለሷ ቆላ ነው። ከመሐል ሜዳ ስትነሳ እርጥብ ናት፤ መንገዱን ሙሉ እየደረቀች መጥታ አንቺ ደጅ ስትደርስ ትስቃለች። ሳቋ የውሸት አይደለም፤ እናቷን አይታ ነው። አንቺም ‹ምን ሆነሽ?› የምትያት እዚህ፣ ሞቋት ተቀምጣ ሳለ ነው። ምን ትበልሽ? እሷም ራሷ ‹ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆናል› ማለት ሳትጀምር አልቀረችም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አለቃ?»

«ሂጂ። ለበዓል አይደለም፤ በበዓል ቀን የማይሞቅ ቤት የለም። በአዘቦት ቀን ሂጂ፤ እንግዳ ሆነሽም አትቀመጪ። እንጨቱን አብረሻት ልቀሚ፣ ውሃውን አብረሻት ቅጂ። ሸክሟ ሲከብድ ከጎኗ ሁኚ። አማችሽ ይሁን፣ አማቷ ትሁን፣ የሰው አገር ብቸኝነት ይሁን፣ እኔም አንቺም አናውቅም፤ ሳታዪ ፈርደሽ እንዳትሄጂ።»

«እዚያም ብትደብቀኝስ?»

«አትጠይቂያት። ጠይቀሽ አይተሻል፤ ጥያቄ ያተረፈልሽ ‹ምንም› የሚለውን ቃል ነው። ዝም ብለሽ ክረሚ። የሚታይበት ሰዓት ይመጣል። ያን ጊዜ ‹እንዲህ ነበር እንዴ!› ብለሽ አትጩሂ፤ ሽማግሌ ለመጥራትም አትሩጪ። እጇን ይዘሽ ‹ልጄ፣ አየሁ› በያት። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»