የአንጓች ጉርሻ

ሾላ ማዞሪያ የደረሰ እንግዳ፣ የገባበት ቤት ሠርግም ይደግስ ልደት፣ ወይም እንዲሁ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የተሰባሰበበት ይሁን፣ ዋናው ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንዲት ሳህን ትዞርለታለች። ሳህኗ ላይ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ የበቆሎ ቂጣ ቁራጮች ተደርድረዋል። ጎድጓዳቸው ውስጥ በሚጥሚጣና በከሙን የታሸ ክትፍትፍ ያለ ሥጋ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቆንጠር የተደረገ አይብ አለ። የአንጓች ጉርሻ ይባላሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቂጣውን ስስ አድርጎ መጋገር፣ ሳይበርድ ማጉበጥ፣ ሥጋውን ውሃው እስኪመጥ ማቁላላት፣ መሙላት፣ በቃ። ዛሬ ዛሬ ወንደላጤው ሁሉ ኪራይ ቤቱ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራዋል፤ ሥጋው የዶሮም ይሁን የበሬ ማንም አይጠይቅም። የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ይቀርባል፣ አንዷን አንስቶ «በቃኝ» የሚል እንግዳ ካለ የቤቱ ሰው ፊት ይጠቁራል። ለምን ቢባል አዛውንቶቹ ነገሩን ወደ አንበጣው ዓመት ይወስዱታል።

እንደሚነገረው፣ ያን ጊዜ የመኪና መንገዱም ማዞሪያውም አልነበረም። አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከአንድ ልጇ ከአየልኝ ጋር ከወንዙ በላይ ትኖር ነበር። በዚያ ዓመት የገና ዕለት ጎረምሳው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ሲጋፋ፣ አየልኝ የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ በዱላው ቢመታት ሸጋው የሚባለውን ልጅ ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘችው፤ ልጁም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ለተፈነከተ ነው እንጂ ለሞተ ወንድም ማን ተረት ይተርትለታል? የሸጋው ታላቅ ወንድም ስንሻው ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ። አየልኝ ጫካ ገባ።

አባ ቢተው የሚባሉ የአገር ሽማግሌ መሀል ገብተው ለምነው፣ ተንበርክከው፣ ከስንሻው አንዲት ነገር አገኙ። «ዐቢይ ጾም እስኪገባ እጄን እሰበስባለሁ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን አልምልም።» ስለዚህ እርቁ ለቅበላ እሑድ ተቆረጠ። በዚያ አገር ደም የሚደርቀው የገዳይ ቤተሰብ ከራሱ በረት አርዶ፣ የሟችን ወገን በእጁ አጉርሶ ነው። ሥጋው ከሌላ ቤት አይበደርም፤ ያበደረ ቤት ደሙን ይጋራል ይባል ነበርና ጎረቤት ጨው እንኳ አያቀብልም። ቅበላ ካለፈ ደግሞ ሥጋ ከአፍ አይገባም፣ እርቅም የለም፣ ስንሻውም ቃሉን ጨርሷል።

አንጓች አንድ በግ ነበራት። በእሑዱ ንጋት ወደ በረቱ ስትሄድ አጥሩ ፈርሶ አገኘችው። ጅብ በልቶ የተወላት አንድ ታፋ ነበር፤ ጅብ የነከሰው በክት ነውና ለክርስቲያን አይሆንም። ታፋውን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች አሉ። አልጮኸችም። ጩኸቱን አንድ ሰው ሰምቶ «በጉ ተበላ» ብሎ ወንዝ ማዶ ቢያደርስ፣ ስንሻው ከቤቱም አይነሳም። ልጇ ደግሞ እርቁ ላይ ሊቀርብ ሌሊቱን ገብቶ ጓዳ ጭድ ውስጥ ተኝቷል። ቀስቅሳ «ተመልሰህ ጥፋ» ልትለው ተነሳች፤ በሩ ጋ ደርሳ ስትሰማው ያንኮራፋል። ከገና ወዲህ እንቅልፍ ያየው ያን ቀን ነው። ሳትቀሰቅሰው ተመለሰች።

የቀራት አንድ አውራ ዶሮ ነበር። ይዛው ወደ አጥሩ ሄደች።

«ብርቄ፣ ባልሽ አለ?»

«አለ፣ ምነው በጠዋቱ?» አለች ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ።

«ዶሮ ይረድልኝ። የእኔ ቤት ወንድ እጅ ዛሬ ቢላ አይነካም።»

ብርቄ አንገቷን አሰግጋ ባዶውን በረት አየችና ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺ ሴት፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ዶሮ? ላባውን ብታበያቸው እንኳ አይበቃም» አለች።

«ላባውንም እያሰብኩበት ነው።»

ባልየው ዶሮውን በአጥር ላይ ተቀብሎ ባርኮ አረደና በአጥር ላይ መለሰላት፤ እግሩን ግን አላሻገረም።

ዶሮው በደንቡ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል። የሚመጣው ሰው ቤት የሚሞላ ነው፤ ለማን እግር፣ ለማን ፈረሰኛ ይሰጣል? የተነፈገ ሰው ካለ ከአሮጌው ደም ላይ አዲስ ቂም መጨመር ነው። አንጓች ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልፍላ በቢላ ከተከተችው፤ ክንፍ ከአንገት፣ ደረት ከእግር እንዳይለይ አድርጋ ከተከተችው። ሥጋው ድስቱ ታች ላይ ሲቀመጥ ሲያዩት እፍኝ ነው። ያላትን ቀይ ሽንኩርት ጨመረች፣ ሚጥሚጣውን ያለ ርኅራኄ ነሰነሰች፣ ባሏ በሲራራ ንግዱ ዘመን ያመጣውን ከሙን ከቀንድ ዕቃው ውስጥ አራግፋ ደቁሳ አገባች። እንደዚያም ሆኖ ብትለካው ለአንድ ሰው አንድ ጉርሻ ነው የሚደርሰው።

አንድ ጉርሻ ደግሞ ከባዶ ይብሳል። «አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያሟግታል፣ ሦስት ያፋቅራል» ይላል ያገሩ ሕግ። አንድ አጉርሶ እጅ መታጠብ፣ እርቁን በአደባባይ እንደ መትፋት ነው።

ይህን ስታሰላ ምጣድ ላይ ያለውን የበቆሎ ቂጣዋን ረሳችው። ጤፉን አንበጣ በልቶታል፤ ያላት የበቆሎ ዱቄት ብቻ ነበር። ደርሳ ስታነሳው እንደ ገል ደርቋል። ልታጥፈው ስትል ከእጇ ላይ ተሰባብሮ መሬቱን ሞላው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው ይላሉ፤ በጉ ሲበላ ያልመጣው። ተንበርክካ ስብርባሪውን ስትለቅም፣ ገና ያልደረቀ መሀሉ ላይ ያለ ቁራጭ በአውራ ጣቷ ላይ ልጥፍ ብሎ ጎብጦ ቀረ። አነሳችው፣ አየችው። ከድስቱ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ጨመረችበት። ሞላ። የአንድ ሰው ጉርሻ ለሦስት ይከፈላል፤ ሦስት ሲሆን ማን ትንሽ ነው ይላል? አዲስ ሊጥ አቡክታ ወደ እሳቱ ተመለሰች፤ ቂጣው ሳይደርቅ በትኩሱ እየቆረሰች በአውራ ጣቷ ላይ ስታጎብጥ ጣቷ ተላጠ።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ስንሻው መጨረሻ ገባ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ። አንጓች የልቡን ከፊቱ አነበበችው። ሽማግሌ አቃለለ እንዳይባል አንድ ይጎርሳል፤ ደሙ እንዳይደርቅ ሁለተኛውን አይቀበልም። ሳህኗን ይዛ ስትዞር አንዱ ሽማግሌ አየት አድርጎ «አንጓች፣ ይሄ ለእኛ ነው ለጫጩት?» አላት።

«አባቴ፣ ጎርሰው ይፍረዱኝ» አለች።

ሰውየው ሲጎርስ፣ በርዶ የደረቀው ቂጣ አፉ ውስጥ ቀጭ አለ። ቤቱ ዝም ብሎ ስለነበር ድምፁ እስከ ጓዳ ተሰማ። ሌላው ሲጎርስ ቀጭ፣ ሌላው ቀጭ። በለቅሶ ፊት ተቀምጠው እንደ ፈረስ ሲቆረጥሙ እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ሚጥሚጣው ደግሞ ደረሰ፤ ጠላው ቶሎ ቶሎ ይቀዳ ጀመር፣ ሆድም በጠላው ሞላ።

ስንሻው ጋ ደረሰች። አንዷን አጎረሰችው። ቀጭ አደረገና ሊነሳ ጠመንጃውን ያዘ፤ ነገር ግን ሚጥሚጣው ያዘውና አየር ፍለጋ አፉን ከፈተ። በተከፈተው አፉ ሁለተኛዋን ጨመረችለት። አባ ቢተው ከወዲያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛዋም በጉልበት ከሆነች እርቁ እንደማይቆጠር አንጓችም ታውቃለች፤ ስለዚህ እጇን መለሰችና ሦስተኛዋን መዳፏ ላይ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«አጭበረበርሽኝ» አለ ስንሻው፣ እንደ ምንም ውጦ። «በግ ነው የተባለው።»

«በጉን ጅብ በላው። ያለኝ ይሄ ነው።»

«ይቺስ የማናት? እኔ አልጎርሳትም።»

አንጓች በዚያ አገር የገዳይ ወገን ከቶ የማይጠራውን ስም ጠራች። «የሸጋው ናት» አለች። «አንተ ባትፈልግ የእሱን ድርሻ እኔ ወዴት ልጣላት? ንገረኝና እዚያ ልጣላት።»

ስንሻው ቁራሿን ከመዳፏ አነሳት። የአንጓች አውራ ጣት እንደ ተላጠ ያን ጊዜ አየ ይባላል፤ አላየም የሚሉም አሉ። ከዚያም «ልጅሽ አለ?» አላት።

ይህን ስትሰማ የሞተች መሰላት። አለ ብትል ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው፤ የለም ብትል ሽማግሌዎቹ ዋሸች ይላሉ።

«ጓዳ ነው» አለች።

አየልኝ ሳይጠራ በራሱ ወጣ፤ ጭዱ ከፀጉሩ ላይ አልረገፈም ነበር። መጥቶ ስንሻው እግር ሥር ተደፋ። ስንሻው ቁራሿን በሁለት ጣቱ ይዞ ሰበራት። እኩሌታዋን በራሱ አፍ አደረገ፤ እኩሌታዋን ወደ አየልኝ ዘረጋት። «ቀና በል» አለው። «ብቻዬን የወንድሜን ድርሻ በልቼ አልሄድም።» አየልኝ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ስንሻው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ፤ እንደ ወዳጅ አልተሰናበተም፣ ዕድሜውን ሙሉም ከአየልኝ ጋር አንድ ማዕድ አልተቀመጠም ይባላል። ግን አልተኮሰም። አየልኝ ወልዶ ከብዶ በእርጅና ሞተ፤ ዛሬ ሾላ ማዞሪያ ላይ ግማሹ ሰው የእሱ ዘር ነኝ ይላል፤ ግማሹም የስንሻው።

አሁን ቁራጮቹን የሚሠሩት ለጨዋታ ነው፤ ወጣቱ በቢራ ይላቸዋል፣ ልጆች ከሳህኑ ይሰርቋቸዋል። ነገር ግን የተኳረፉ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት የተገናኙ እንደሆነ፣ የቤቱ እመቤት ምንም ሳትናገር ለሁለቱ አንድ ሳህን ታቀርባለች፤ በላዩም ሦስት ብቻ። አንዱ አንዷን፣ ሌላው አንዷን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ይቀጥላል፣ ሳቁም ይቀጥላል፣ የቤቱ ሰው ዓይን ግን ሳህኑ ላይ በቀረችው ላይ ነው፤ ማን እጁን ዘርግቶ እንደሚሰብራት ለማየት።