ፍልፈልና የባቄላዋ ሥር

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ እናንተም የላም በረት በሉኝ።

አንዲት የባቄላ ሥር ገና ከፍሬዋ ብቅ እንዳለች፣ አንድ እብሪተኛ ፍልፈል ያለችበትን የአፈር ጓል ገለበጠባትና ጫፏ ሽቅብ ወደ ፀሐይ ዞረ። ሥሯ በንዴት ተንቀጠቀጠች።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል? እዚህ አፈር ውስጥ ላይና ታቹን የምወስነው እኔ ነኝ!» አላት ፍልፈል።

«አንተ ደግሞ ማን ነህና! በጫፌ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ብትገለብጠኝም የሚወድቁት ወደ ታች ነው። እኔም እነሱ ወደወደቁበት እሄዳለሁ» አለችው።

ፍልፈል ስቆባት ሄደ። እሷ ግን ፀሐይ እየለበለባት፣ በቁጭት እየተንገበገበች፣ ቀስ በቀስ ጎብጣ ወደ አፈሩ ገባች።

ከሰነበተ በኋላ ፍልፈል ዳግመኛ ሊገለብጣት መጣ። ቡቃያዋን ነክሶ ቢጎትት ቢጎትት፣ ሥሯ ከድንጋይ በታች ጠልቃ ነበርና ንቅንቅ አላለችም። የተሰበረው የእሱ ጥርስ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ።