ባዶ እግሩን የሄደው ኡታሎ

ይህ ከሥሩ የተቀመጥንበት ዋንዛ ገና ችግኝ ሳለ፣ ወንዛችንም ድልድይ ሳያውቅ፣ በዛሞ መንደር ኡታሎ የሚባል ሰው ነበረ። አንተ ነገ በጉባኤው ፊት ወንጌል የምታነበው ልጅ፣ «ጫማዬን ለምን አወልቃለሁ? እግሬን ይበርደኛል» ብለሃል አሉ። እንግዲያው ቀረብ በል፤ ስልክህንም ኪስህ ክተት።

ኡታሎ ቆዳ ፋቂ ነበረ። በዚያ ዘመን ቆዳ ፋቂ ከሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ ደጅ ይቀመጣል፤ ሲሞትም ለብቻው ይቀበራል። ያሳፍራል፤ ያደረጉት ግን የእኛው አያቶች ናቸው። ኡታሎ ጮራሞ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በግጦሽ መሬት ጠብ ውስጥ ገባ፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ሳዳሞ የሚባል ሰው በጦር ወግቶ ገደለው። ኡታሎ ቀብሮት ሲመለስ፣ «ለልጄ ቆዳ መፋቅ እንጂ ሌላ ቃል አላስተማርኩትም» እያለ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ መጽሐፍ አዟሪ በመንደሩ አለፈ። አንድ ወንጌል አሳይቶ፣ «እዚህ ውስጥ ለጎረምሳ የሚሆን ቃል አለ» አለው። ኡታሎ ወንጌሉን በአንድ ለምድ ለወጠ። ማንበብ ግን አያውቅም። በመንደሩ ፊደል የቆጠሩት ጎረምሶቹ ብቻ ነበሩ። ወደ እነሱ ሄደ፤ ሳቁበት። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ሳቁበት። በሦስተኛው ቀን፣ «እናንተ አንብቡልኝ፣ እኔ ማሳችሁን ላርም» አላቸው። ጎረምሳ ሥራ ከቀረለት ምን ይጠላል? እናንተን አይቼ አውቃለሁ። አንዱ ሲያነብ ኡታሎ ያርማል፤ ሌሎቹም ሥራ ፈተው ይሰማሉ። ኡታሎ ውሃ ሲቀዳላቸው ልጃገረዶቹም መጡ። ኡታሎ ከመጀመሪያው ያሰበው እነሱ እንዲሰሙ ነው የሚል አለ። እኔ እንጃ።

ከአንባቢዎቹ ላንቃሞ የሚባለው ይበልጥ ነበር። ጎበዝም ተንኮለኛም ነው። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ፣ ባላባቱ ጭምር፣ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው። ኡታሎ ግን በእጁ የሠራው የጠፍር ጫማ ነበረው። ይህ ላንቃሞን አንገበገበው። አንድ ቀን ሲያነብ፣ «ቆዳ የሚፍቅ ሰው ጫማ አያድርግ» ብሎ ከራሱ ጨመረ። ጓደኞቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኡታሎ ማረሙን ቀጠለ።

በማግስቱ ኡታሎ በባዶ እግሩ መጣ። በሦስተኛውም ቀን በባዶ እግሩ መጣ። ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ኩርንችት ብቻ ነው፤ እግሩም ጫማ የለመደ ነው። በአራተኛው ቀን ላንቃሞ በመንገዱ ላይ ደም አየ። ደሙን ተከትሎ ሄደ። ኡታሎን የላንቃሞን የራሱን ማሳ ሲያርም አገኘው።

ላንቃሞ ወደ እርሱ ቀረበ። እስከዚያ ቀን «አንተ ፋቂ» ነበር የሚለው። አሁን ግን፣ «አባቴ፣ ዋሸሁዎት። እንዲህ የሚል ቃል የለም» አለና አለቀሰ። ኡታሎ እሾሁን ከእግሩ ነቀለ። ጫማውንም ከቤቱ አምጥቶ ለላንቃሞ ሰጠው። «እንግዲህ ያለውን ብቻ አንብብልኝ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ጎረምሶቹ ወደዱት። መውደዳቸው ግን የጎረምሳ መውደድ ነው። አንድ ማለዳ ጦር ይዘው ደጁ ቆሙ። «የጮራሞን ደም እንመልሳለን፤ ይመርቁን» አሉት። ኡታሎ የልጁን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አባት ነውና የተመኘውም ይመስለኛል። ቢሆንም፣ «መጀመሪያ የዛሬውን አንብቡልኝ» አለ።

ላንቃሞ ካቆሙበት ገለጠ። ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረው ቦታ ነበር። ላንቃሞ ቀድሞ አየው። ካነበበው ይህ ሰው ወደ ሳዳሞ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ከሄደ ደግሞ ሳዳሞ ይገድለዋል። ከዘለለው ሁለተኛ መዋሸቱ ነው። ላንቃሞ ጫማውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እርሱም አላወቀም። ከዚያም አነበበው።

ኡታሎ ተነሣ። ጮራሞ ይተኛበት የነበረውን ቁርበት ጠቅልሎ ያዘ። ወደ ወንዙ ወረደ። ጎረምሶቹም ጦራቸውን ወንዙ ዳር ጥለው ባዶ እጃቸውን ተከተሉት። ተሻግረው ደጁ ሲደርሱ ሳዳሞ ኡታሎን አይቶ ጦሩን አነሣ። ኡታሎ ቁርበቱን ደጃፉ ላይ ዘረጋ። «የልጄ መኝታ ነው። ልጅህ ይተኛበት» አለው። ሳዳሞ ጦሩን እንዳነሣ ቆመ። ከዚያ ጦሩ ወደቀ፤ እርሱም በቁርበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

በማግስቱ ከወንዝ ማዶ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ከአድማጮቹ ኋላ ተቀመጠ። የሳዳሞ ልጅ ነበር። ኡታሎ መኮትኮቻውን አቁሞ፣ «ልጄ፣ ወደ ፊት ና» አለው።

ኡታሎ አንድ ፊደል ሳያውቅ ሞተ። ለብቻው ግን አልተቀበረም፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ወጣቶች ተሸከሙት። ከዚያ ወዲህ በዛሞ ወጣት ሲያነብ ጫማውን ያወልቃል። በዚያ ሳምንትም ማሳውን የሚያርምለት ሽማግሌ ነው። «ቀስ ብለህ አንብብ፤ ሰምቶ ጫማውን የሚያወልቅ አለ» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው።

በል ሂድና ተለማመድ። መኮትኮቻህን ግን እዚህ ተውልኝ፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።