ሰባቱ ገመዶችና ለፍላፊው ጆንያ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። "የላም በረት" የምትሉ በሉ፤ የማትሉም ጆሯችሁን አታርቁ፣ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ዱሮ፣ ገመድም ጆንያም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንድ ወንዝ አንድን አገር ለሁለት ከፍሎ ይኖር ነበር። ወዲህ ያለው ወዲህ ማዶ ይባላል፤ ወዲያ ያለው ወዲያ ማዶ። ስም አውጪው ብዙም አልደከመም። ደመናው መጥቶ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ያፈሳል። ፀሐይዋም ያችው ናት። አፈሩም ቢሆን፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር ከዚህ ቦጭቆ እዚያ፣ ከዚያ ቦጭቆ እዚህ ሲለጥፍ ስለኖረ የማን የማን እንደሆነ ራሱ አፈሩም አያውቅም።

ታዲያ በወዲያ ማዶ ጎተራው ሆዱ ተነፍቶ "ኧረ ቀንሱልኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ" ይላል። በወዲህ ማዶ ግን ጎተራው ከመራቆቱ የተነሳ ውስጡ የምትኖረው አይጥ የፍስኩን ቀን ከጾሙ ቀን መለየት አቅቷት ልጆቿን ይዛ ተሰደደች።

በዚሁ በወዲህ ማዶ እትዬ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ሥራዋ መሸከም ነው። ጀርባዋ ላይ የማይወርድ አንድ ጆንያ አለ፤ የጆንያ ለፍላፊ ነው።

"እትዬ ዳለቻ" ይላታል፣ "ጆንያ ሆኜ ስኖር አንድም ቀን አፌ ታስሮ አያውቅም። የሚታሰረው የሞላ ነው። እኔን ምን ብለው ያስሩኛል?"

"ዝም በል" ትለዋለች። "ባዶህንም ሆነህ በወሬ ትከብደኛለህ።"

ከወንዙ መሻገሪያ እስከ ትልቁ ዋርካ የሚወስድ አንድ መንገድ ነበር። ዋርካው ሥር ሸንጎው ይቀመጣል፣ ገበያውም እዚያው ይውላል። በመንገዱ ዳር ሰባት ደጃፎች አሉ። በወዲህ ማዶ ደግሞ አንድ የቆየ ወግ ነበር፤ ጭነት ይዞ በሌላው ደጃፍ ያለፈ ሳያስቀምስ አይሄድም። ወጉ ሲጀመር ደግ ወግ ነበር። መንገደኛው ከጭነቱ ቆንጠር አድርጎ ይሰጣል፣ ባለ ደጃፉ ውሃ ያጠጣዋል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ።

አንድ ቀን ግን አያ ዝንጀሮ "መንገደኛ ይረሳል፤ ማስታወሻ ይሁነው" ብሎ ደጃፉ ላይ መንገዱን በገመድ ዘጋው። ከርከሮ አየና ዘረጋ። ጃርት አየና ዘረጋ። ቀበሮ፣ ሚዳቋ፣ ቆቅ፣ ሁሉም እያዩ ዘረጉ። በመጨረሻ ከዋርካው አጠገብ አያ ጅቦ የሁሉንም የሚያስንቅ ወፍራም ገመድ ዘረጋ። ቁንጥሯ እፍኝ ሆነች፤ እፍኟ ቁና ሆነች። ውሃ ማጠጣቱ ተረሳ።

ረሃቡ በጠናበት ዓመት አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ።

"ወዲያ ማዶዎች ለምን ጠገቡ? እኛስ ለምን ተራብን?"

አያ ዝንጀሮ ራሱን አከከና "አፈራቸው ነው፣ ጌታዬ" አለ። "አፈራቸው የሰባ ነው።"

"እንግዲያው አፈራቸው ይምጣ። ማን ያመጣል?"

ሥራ ሲነሳ ዓይን ሁሉ አህያ ላይ ነው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አደረገና "ጌታዬ፣ ሦስት ጊዜ ትላክ" አለ። "ሦስቴም ባዶዋን ከመጣች ግን አህያ መሆኗ ይቅርና እራት ትሁን።"

አያ አንበሶ ርቦት ስለነበር ነገር ማርዘም አልፈለገም። "ይሁን" አለ። እትዬ ዳለቻ ወደ ማን ትጮኻለች? የአህያ ባል እንደሆነ ከጅብ አያስጥል።

ሄደች። መሻገሪያው ላይ በወዲያ ማዶ በኩል አንዲት አሮጊት ኤሊ ተቀምጣለች፣ እሜቴ ኤሊ ይሏታል። ወንዝ ከሚሻገር ጭነት ሁሉ አንዲት እፍኝ ትወስዳለች።

"ይቺስ ለምን ናት?" አለቻት ዳለቻ።

"የመሻገሪያውን ድንጋይ ለሚደለድሉት ምሳ ናት። ከእኔ ወዲያ የሚጠይቅሽ የለም። ሂጂ፣ እንዳይመሽብሽ።"

ዳለቻ ጥቁሩን አፈር ጭና ተመለሰች። ጆንያው "ሞላሁ፣ ሞላሁ" እያለ መንገዱን አደነቆረው። ያን ጊዜ የዝንጀሮ ገመድ ደረታቸው ላይ ገጭ አለ።

"አስቀምሺኝ" አለ ዝንጀሮ።

"አፈር እኮ ነው፣ አያ ዝንጀሮ።"

"ቢሆንም ደጃፌን ረግጠሻል።"

"አፈር ምን ያደርግልሃል?"

"እኔ እንጃ" አለ፣ አንድ ቁና እየዛቀ። "ግን ወግ ነው።"

ከርከሮም ዛቀ። ጃርትም ዛቀ። አያ ጅቦ ደጃፍ ስትደርስ የቀረውን ዛቀው። የጅቦ ወፍራም ገመድ በቀስታ "ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አላት። "እኔ የተገመድኩት የሞላ ጆንያ አፍ ላስር ነበር። ይኸው ወገቤ እስኪቆረጥ መንገድ ላይ ተወጥሬ እውላለሁ።"

ዋርካው ሥር ጆንያውን ቢያራግፉት ከስፌቱ መሃል ትንሽ አቧራ ወጣ። አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ ሊያየው ሲል አነጠሰው። አፈሩ አለቀ።

"አንድ" አለ አያ ጅቦ።

ሁለተኛ ሸንጎ ተቀመጡ። ከርከሮ በጎኑ እንደተጋደመ፣ ዓይኑንም ሳይገልጥ "ስንፍና ነው የገደለን" አለ። "የእነሱ አውራ ዶሮ ገና በጨለማ ይጮኻል፣ በጊዜ ተነስተው ያርሳሉ። ዶሮው ይምጣ።"

ዳለቻ ሄዳ ለመነች። አውራ ዶሮው ትህትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ "ድምፄን ፈልገው ነው፣ አይደል?" ብሎ ባለ ሰባት ቀለም ጅራቱን ነስንሶ ጆንያው ላይ ወጣ። ዝንጀሮ ገመዱ ላይ ጠበቃቸው።

"አስቀምሺኝ።"

"እንግዳ ነው እኮ። እንግዳ ይቀመሳል?"

"እሱ አይቀመስም" አለ ዝንጀሮ፣ "ላባው ግን ጭነት ነው።" ነጨ። ከርከሮም ነጨ። ጃርት ነጭቶ ከእሾሁ መሃል ሰካና አማረበት። አያ ጅቦ እግሩን ሊል ሲል ዶሮው ጆንያው ውስጥ ገብቶ ተረፈ፤ ጅቦ የመጨረሻዋን የጅራት ላባ ብቻ ይዞ ቀረ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ሸንጎው ተሰብስቦ "በል ጩህ" አለው።

"እርቃኔን ቆሜ ማንን ልቀስቅስ?" አለ ዶሮው ከጆንያው ውስጥ። "የነቃ ሁሉ ሊያየኝ አይደል?" ይህን ብሎ ክንፉን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ አገሩ ሮጠ። ሲሮጥ ያየው ሁሉ ለአንድ ሳምንት ሳቀ፣ ሥራ ግን የሠራ የለም።

"ሁለት" አለ አያ ጅቦ። ከዚያ ወደ ዳለቻ ጠጋ ብሎ በትህትና ጠየቃት። "እትዬ፣ አንቺ የምትጥሚው በጨው ነው በሚጥሚጣ?"

ሦስተኛ ሸንጎ ተቀመጡ። ጃርት "ምክር ነው የጎደለን" አለ። "እነሱ አንድ የሚያውቁት ነገር አለ። ያ ምክር ይምጣ።"

ዳለቻ እያለቀሰች ወንዙን ተሻገረች። ለእሜቴ ኤሊ ሁሉንም ነገረቻት፤ አፈሩን፣ ዶሮውን፣ ሚጥሚጣውን። ኤሊ አትቸኩልም፤ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና "ገመዱ ስንት ነው ያልሽኝ?" አለች።

"ሰባት።"

"እንግዲያው ሰባት ቃል እሰጥሻለሁ። መንገዳችሁ ላይ ያለውን ገመድ ሁሉ ፈታችሁ ጣሉት።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። ደግሞም አይከብድሽም።"

ዳለቻ ቃሉን በአፏ ይዛ ተመለሰች። ዝንጀሮ ጆንያውን ዳበሰ፣ ባዶ ነው። "ምን ይዘሻል?"

"ቃል።"

"አስቀምሺኛ።"

በዚያ ዘመን ለሌላ የሰጡት ቃል ከሰጪው ምላስ ጨርሶ ይወጣ ነበር፤ እንዳሁኑ ሰጥቶ መልሶ መብላት የለም። ዳለቻ "መንገዳችሁ" ብላ ለዝንጀሮ ሰጠች። ለከርከሮ "ላይ" ደረሰው።

"ይቺ ምን ትሞላለች?" አለ ከርከሮ ተቆጥቶ።

"የደረሰችህ እሷ ናት።"

ጃርት "ያለውን" ወሰደ። ቀበሮ "ገመድ" ስትባል ሁለት ጊዜ አሽትታ ዋጠችው። ሚዳቋ "ሁሉ"ን፣ ቆቅ "ፈታችሁ"ን ወሰዱ። ዳለቻ በየደጃፉ ልቧ እየፈሰሰ ነበር የመጣችው። ከቆቅ ደጃፍ ስታልፍ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። አፈሩ ተበትኗል፣ ላባው በንፋስ ሄዷል፤ ቃል ግን የትም አልሄደም፣ በስድስት አፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስድስቱም አፍ ነገ ሸንጎ ይመጣል። ጆሮዋ ቀና አለ።

"አስቀምሺኝ" አለ አያ ጅቦ እየሳቀ።

ጎንበስ ብላ፣ ገመዱን ተደግፋ "ጣሉት" አለችው። ሰጠችውና አለፈች።

በማግስቱ አያ ጅቦ ቢላውን ስሎ፣ ሚጥሚጣውን ይዞ መጣ።

"ምን አመጣሽ?" አለ አያ አንበሶ።

"ሸንጎው ይዞልኛል፣ ጌታዬ። በየደጃፉ አስቀምሻለሁ። እንደ ቤታቸው ተራ ይቁሙና የቀመሱትን ይናገሩ።"

ሹም ፊት ተናገር ሲባል የሚያፍር የለም። ተሰለፉ። "መንገዳችሁ" አለ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ። "ላይ" አለ ከርከሮ፣ አሁንም ቅር ብሎት። "ያለውን" አለ ጃርት። "ገመድ" አለች ቀበሮ። "ሁሉ" አለች ሚዳቋ። "ፈታችሁ" አለ ቆቅ።

አያ ጅቦ አፉን ገጥሞ ቆመ።

"ፈታችሁ ምን?" አለ አያ አንበሶ።

"እኔ ምንም አልቀመስኩም፣ ጌታዬ" አለ ጅቦ። "ምናልባት 'ፈታችሁ አጥብቁት' ለማለት ይሆናል።"

ያቺ ቃል ከዳለቻ ምላስ ወጥታለች፣ ብትፈልግም አትላትም። ጅቦ ወደ ሚጥሚጣው እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ ከጅቦ ደጃፍ በኩል አንድ የደከመው ድምፅ ተሰማ።

"ጣሉት ነው" አለ ወፍራሙ ገመድ። "እኔን ተደግፋ ነው የተናገረችው፣ ሰምቻለሁ። ወገቤ አለቀ፣ ጌታዬ። ጣሉት።"

አያ አንበሶ ቃሉን ከላይ እስከ ታች ደገመው። "አህያዋ ባዶዋን አልመጣችም" ሲል ፈረደ። ጅቦ ሚጥሚጣውን ኪሱ ከተተ።

"በሉ ፍቱ" አለ አንበሶ።

"የእኔ ገመድ ቀጭን ናት፤ ከወፍራሙ ይጀመር" አለ ዝንጀሮ።

"ማን ጀመረና? ከመጀመሪያው ይጀመር" አለ ጅቦ።

"እሺ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አለ አንበሶ። ማንም አልተነሳም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን እያየ ነበር።

ዳለቻ ወደ አንበሶ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከች። አያ አንበሶ ጢሙ ሥር ሳቀ። "ቃሉን ስላቆያችሁልኝ ከግምጃ ቤቴ ለዘር ካቆየሁት አንዳንድ ቁና ባቄላ ሰጥቻችኋለሁ" አለ። "ዳለቻ ግን ወገቧን አሟታል፤ ዛሬ ሁላችሁም በየጀርባችሁ ተሸከሙ።"

እየዘፈኑ ተነሱ። የመጀመሪያው ደጃፍ የጅቦ ነው። ጅቦ ባቄላውን አስገባና ገመዱ ጋ ቆመ። "አስቀምሱኝ፣ ወግ ነው።" ስድስቱ አስቀመሱ። ቆቅም ቤቱ ሲደርስ ዞሮ "አስቀምሱኝ" አለ። አምስቱ አስቀመሱ። እንዲህ እንዲህ እያለ አያ ዝንጀሮ መጨረሻው ቤት ሲደርስ በእጁ አንዲት ባቄላ ቀርታለች።

"ይቺ ምንድን ናት?" አለች ሚስቱ።

"ስነሳ ቁና ነበረች።"

"የት ሄደች?"

ዝንጀሮ ባቄላዋን አየ። ከዚያ ገመዱን አየ። "ወግ በላት" አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀምስ እንጂ ሲቀመስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ንዴቱ አላስቀመጠው። ሮጦ የከርከሮን ገመድ ፈታ። ከርከሮ ተናዶ የዝንጀሮን ፈታ፤ አልበቃ ሲለው የጃርትን ጨመረ። ጃርት የቀበሮን ፈታ፣ ቀበሮ የሚዳቋን፣ ሚዳቋ የቆቅን። የራሱን የፈታ አንድም የለም፤ ቢሆንም ሲነጋ ስድስቱም ገመድ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። የጅቦን ግን ሁሉም ፈሩት። ጅቦ ጠዋት ሲወጣ ችካሉ ብቻ ቆሟል። ወፍራሙ ገመድ ራሱን ፈትቶ ሄዷል።

አዝመራው ደረሰ። ያችው ፀሐይ፣ ያው ዝናብ፣ ያው አፈር፤ የጫኑት ግን አሁን በየደጃፉ አያልቅም። እትዬ ዳለቻ ጤፍ ጭና ስትነሳ ጆንያው እስከ አፉ ሞልቶ "ሊፈስብኝ ነው፣ ኧረ አንድ በሉኝ" ይላል። ወፍራሙ ገመድ ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ አለ። "ዞር በል፣ ወንድሜ፣ አንተን ነበር የምጠብቀው" ብሎ ጥምጥም አለና የጆንያውን አፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ዳለቻ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ሳትሰማ መንገድ ሄደች።

ጅቦ ደጃፍ ስትደርስ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አሳዘናት። ከስፌቱ በኩል ቆንጠር አድርጋ ሰጠችው፣ ማንም ሳያስገድዳት። ጅቦ ጤፏን አየ፣ ዳለቻን አየ። ከዚያ ወደ ቤት ገባና በቅል ውሃ ይዞላት ወጣ።

እንግዲህ ሰማይ አንድ፣ ወንዝ አንድ ሆኖ፣ አንዱ አገር ጠግቦ ሌላው ሲራብ ብታዩ፣ አፈሩን ከማማታችሁ በፊት መንገዱን እዩት። ተረቴ አለቀ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ፤ ዳቦው ግን በሰባት ደጃፍ አይለፍ።